ልጅ በእጁም ይማራል፦ ለመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎቻችን ምን እናግዝ?

(በቦንጋ በተካሄደው የማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያቀረቡት ንግግር ነው። ተናጋሪዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ።)



ኮሚቴው እንድናገርበት የሰጠኝ ርዕስ «በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የፈጠራ የማስተማሪያ ዘዴዎች» የሚል ነው። ርዕሱ ሰፊ ነው። እኔ ግን የተነሣሁት ለአንድ ውሳኔ ነው። ለትምህርት ድጋፍ የተመደበችው ገንዘብ በምን ላይ ትዋል የሚለው ገና አልተቆረጠም። አንዱ ሐሳብ ከአዲስ አበባ የፕላስቲክ መጫወቻና የታተመ የእንግሊዝኛ ፊደል ሠንጠረዥ ገዝተን ለትምህርት ቤቶች እናከፋፍል የሚል ነው። ሁለተኛው ሐሳብ የማስተማሪያ መሣሪያውን እዚሁ እንሥራው የሚል ሲሆን፣ ባለፈው ስብሰባ በቅጡ ሳይብራራ ሰዓቱ አልቆ ተበተንን። እሱን ላብራራ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያስቸኩል ልናገር። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች የሕፃናት የንባብ ችሎታ ተለክቶ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ካፊኖኖ ከስድስቱ ቋንቋዎች አንዱ ስላልነበረ ቁጥሩ በቀጥታ የእኛን ልጆች አይመለከትም። ቢሆንም ክፍል ውስጥ የቆመች መምህርት ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለች። መጽሐፉን ዘቅዝቆ ይዞ ገጹን ከላይ እስከ ታች በቃሉ የሚያነበንብ ልጅ አይታለችና።

እንዲህ ያለው ልጅ 3ኛ ክፍል፣ ከዚያም 4ኛ ክፍል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሴት ልጅ ከሆነች ቶሎ ይቆረጥባታል። ታናሽ የሚይዝላት ይፈለጋል፣ ውሃ አለ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ የቡና ለቀማው አለ። «ፊደሉም አልገባት፣ ምን ያደክማታል» ይባላል። አባት ብቻ አይደለም የሚለው፤ እኛ እናቶችም እንላለን። አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷት ገና 2ኛ ክፍል ከትንንሾቹ ጋር የምትቀመጥ ልጅ እፍረቱን ከመቻል ቤት መዋልን ትመርጣለች።

መማር እንዴት እንደሚሆን ከዚህ ማኅበር የተሻለ ምስክር አላውቅም። ስንጀምር ብዙዎቻችን በቁጠባ ደብተሩ ላይ የምንፈርመው በአሻራ ነበር። ዛሬ በሳምንታዊው ስብሰባ ገንዘብ ያዥዋ «ሠላሳ አምስት» ብላ ስትጽፍ ሴቱ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። ሦስቱና አምስቱ ቦታ ቢቀያየሩ ዝም የምትል የለችም። ይህን ማንም ቆሞ አላስቆጠረንም። ብሩ የእኛ ስለሆነ፣ ደብተሩን በእጃችን ስለያዝን፣ ስንሳሳትም የሚያርመን ጎናችን ስላለ ተማርነው። እኔ «ፈጠራ» የምለው ይህንኑ ለሰባት ዓመት ልጅ ማድረግ መቻልን ነው። ልጁ የሚይዘው ነገር ይኑረው፣ የሚያውቀው ነገር ይሁን፣ ስሕተቱም ቶሎ ይታየው።

በሒሳብ ልጀምር። ከአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደጅ ስታልፉ «ከሁለት ላይ ሰባት አይቀነስም፤ ከጎረቤት አንድ ተበደር» የሚል የመምህር ድምፅ ትሰማላችሁ። ሠላሳ ሁለት ሲቀነስ አሥራ ሰባት ነው። ልጁ ይበደራል፤ ለምን እንደሚበደር ግን አያውቅም። አንድ ልጅ «ብድሩ መቼ ይመለሳል?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ብድር ምን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ ጥያቄው ተገቢ ነው።

እንግዲህ እንጨት አምጡ። የጣት ቁመት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች ይሁኑ። አሥሩን ሰብስባችሁ በቃጫ እሰሩ። ቃጫ በየቤታችን አለ፤ እንሰት የሚፍቅ ቤት ቃጫ አይቸገርም። አንድ እስር አሥር ነው። አሥር እስር ደግሞ አንድ ላይ ሲታሰር መቶ ነው። ሠላሳ ሁለት ማለት ሦስት እስርና ሁለት ልቅ እንጨት ነው። አሁን ልጁን «አሥራ ሰባት ስጠኝ» በሉት። አንዱን እስር ይሰጣችኋል፤ ሰባቱን ለመስጠት ግን ልቁ ሁለት ብቻ ነው። ጥቂት ያስባል፤ ከዚያ ማንም ሳይነግረው አንዱን እስር ይፈታዋል። መበደር የተባለው ያ መፍታት ነበር። አሥራ ሁለት ልቅ እንጨት ሆነ፤ ሰባቱን ሰጠ፤ አምስት ቀረ፤ አንድ እስርም ቀረ። አሥራ አምስት። ይህን በእጁ አራት አምስት ጊዜ የፈታ ልጅ በሰሌዳ ላይ ሲያየው ቁጥሩ ያናግረዋል።

ቡና ፍሬና በቆሎስ አይሆንም ወይ ትሉ ይሆናል። ይሆናል፤ በጥንቃቄ ግን። አንደኛ ክፍል ፍሬ ከሰጣችሁ ቀኑ ሳያልቅ አንዱ አፍንጫው ውስጥ፣ አንዱ ጆሮው ውስጥ ይከተዋል፤ ጤና ጣቢያ ያሉት ያውቁታል። ደግሞም እህል በሚያጥርበት ወር ልጅ በእህል ሲጫወት ማየት ለአንዳንድ ቤት አይመችም። እንጨት ይሻላል፤ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ይሻላል። ኮረሪማ ግን ለ3ኛ ክፍል ግሩም ነው። ልጆቹ «ስንት ፍሬ አለበት?» ተብለው መጀመሪያ ገምተው ይጻፉ፤ ከዚያ ፈልቅቀው በአሥር በአሥር ይቁጠሩ። የሁለት ኮረሪማ ቁጥር ሲለያይ «ለምን?» ብለው ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ከቆጠራው ይበልጣል። ሲያልቅ ኮረሪማው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አይባክንም።

አሁን ወደ ፊደል ልምጣ፤ የዛሬው ዋና ጉዳይ ይህ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ብሎ ከደነገገ ወዲህ ካፊኖኖ በክፍል ውስጥ ቦታ አግኝቷል። የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በዚያው በላቲን ይሰጣል። አማርኛው ደግሞ በራሱ ፊደል ይመጣል፤ ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ቅርጽ ነው። አንዲት የካፋ ልጅ ሁለተኛ ጥርሷ አድጎ ሳያልቅ ሦስት ቋንቋና ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ፊቷ ይቆማል። ከዚህ ላይ እኛ ምን ልንጨምርላት ነው? የእንግሊዝኛ ሠንጠረዥ።

ደጋፊዎቻችን፣ ይህን እንደ ትችት አትዩብኝ፤ ነገሩን ከመምህር ወንበር ሆኜ ላሳያችሁ። በእንግሊዝኛው ሠንጠረዥ «አይ» ተብሎ የሚዘመረው ፊደል በካፊኖኖ «ኢ» ነው። በእንግሊዝኛው «ኢ» የሚባለው ፊደል ደግሞ በካፊኖኖ «ኤ» ነው። ልጅቱ በካፊኖኖ ክፍለ ጊዜ «ኢ» ስትባል ግድግዳው ላይ ያለውን ታያለች፤ ግድግዳው ሌላ ይነግራታል። መምህሯ ትክክል ነች፣ ሠንጠረዡም ትክክል ነው፣ የተሳሳተችው ግን ልጅቱ ሆና ትገኛለች። ሥዕሉንም ልብ በሉ፤ ከመጀመሪያው ፊደል ጎን ያለው ፖም ነው። ስሙን ለማወቅ ፍሬውን ማወቅ አለባት፤ ፍሬውን ቦንጋ ገበያ ላይ የት ታየዋለች? እንግሊዝኛው አያስፈልግም አላልኩም፤ በጣም ያስፈልጋል። በ1ኛ ክፍል ግን በጆሮና በአፍ ይግባ፦ ሰላምታ፣ ስም፣ «ተነሥ ተቀመጥ»፣ ጨዋታ። የግድግዳው ቦታ ለካፊኖኖ ይቆይለት።

ካፊኖኖን ለማንበብ ከሚያስቸግሩት አንዱ የድምፅ ርዝመት ነው። ረጅም አናባቢ ሲጻፍ ፊደሉ ይደገማል፤ የቋንቋችን ስም ራሱ ሲጻፍ «ኦ» የሚለው ፊደል አራት ጊዜ ይገባበታል። ልጁ አንዱን ይዘላል። በሰሌዳ ላይ ብቻ «ረጅም ነው» ብትሉት አይገባውም። ሁለት ልጆች ገመድ ይዘው ይቁሙ፤ አጭር ድምፅ ሲሆን ይቀራረቡ፣ ረጅም ሲሆን ወደኋላ ይሂዱና ገመዱን ይወጥሩት። ክፍሉ በሙሉ ቃሉን እየጠራ በእጁ ያጨብጭብ፤ ለረጅሙ እጁን ገጥሞ ያቆየው። ከዚያ በኋላ ቆርኪ ይምጣ። በየቆርኪው ውስጥ አንድ ፊደል ተጽፏል፤ ልጆቹ ቃሉን በጠረጴዛ ላይ ይደርድሩት። አንድ «ኦ» ከጎደለ ገመዱን የያዘው ልጅ ይጮኻል። የወጣው ገንዘብ የቀለሙ ብቻ ነው፤ ቆርኪውን ከየሆቴሉ ደጅ መልቀም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጨዋታ ሁሉ ትምህርት አይደለም። ፊደሉን በሚያምር ዜማ ከዳር እስከ ዳር የሚዘምር ክፍል አይቻለሁ፤ ከመሀል አንዱን ፊደል ስትጠቁሙ ግን ዝም ይላል። የድሮው የቄስ ትምህርት ቤት በአለንጋውና በሽምደዳው ይወቀሳል፤ ወቀሳውም እውነት አለበት። ነገር ግን አንድ ብልሃት ነበረው። ልጁ ሀ ሁ ሂን በተራ ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ ይገባል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ተራው ሁሉ ይፋለሳል። በዜማ ብቻ ያለፈ እዚህ ላይ ይያዛል። የእኛም መዝሙርና ጨዋታ ሲያልቅ መምህሯ ጣቷን ከገጹ መሀል ላይ ታሳርፍ፤ ልጁ ከዚያ ካነበበ አንብቧል ማለት ነው።

ከፊደል ቀጥሎ የሚነበብ ነገር ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነው ትልቁ ችግራችን። የ2002ቱ ልኬታ ካስደነገጠ በኋላ በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የንባብ መጻሕፍት ሲዘጋጁ የተመረጡት ሰባት ቋንቋዎች ነበሩ፦ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሀድይኛ። ተናጋሪያቸው ብዙ ነው፤ ምርጫውን አልነቅፍም። ካፊኖኖ ግን ከሰባቱ ውጭ ነበር። ስለዚህ የእኛ ልጅ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ በቋንቋው የሚያነበው የተረት መጽሐፍ እንደ ልብ አያገኝም።

ተረቱ ግን ሞልቷል። ያለው እናንተ ጋ ነው። እዚህ ከፊት የተቀመጣችሁት እናቶች ማታ እሳት ዳር ስንት ነግራችሁናል? የምለው ይህን ነው፦ አንዲት እናት በሳምንት አንድ ቀን ክፍል ገብታ አንድ ተረት በካፊኖኖ ትንገር። ልጆቹ ሰምተው በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይናገሩ። መምህሯ ልጆቹ የሚሉትን፣ እነሱ እንዳሉት፣ አምስት ስድስት ዐረፍተ ነገር አድርጋ በትልቁ ትጻፈው። ወረቀት ከሌለ የሲሚንቶ ከረጢት ተገልብጦ ውስጡ ንጹሕ ነው፤ የማዳበሪያ ጆንያም በቀለም ይጻፍበታል፣ ታጥፎ ይቀመጣል፣ ዝናብም አይፈራም። ልጆቹ የራሳቸውን ቃል ያነባሉ፤ ሥዕሉንም ራሳቸው ይሥሩ። በዓመቱ መጨረሻ ሠላሳ ተረት ያለው የክፍል መጽሐፍ ይኖራቸዋል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት አስገብቷል፤ መምህራኑም ለዚህ የሚሆን ክፍለ ጊዜ አላቸው፤ ከሥራቸው ውጭ አናዝዛቸውም።

ስለ እናቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ለተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተመረጡት አሥራ አምስት ቋንቋዎች አንዱ የእኛ ነበር፤ በመዝገቡ «ከፋ ሞቻ» ተብሎ ይጠራ ነበር። የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ያኔ የተማረች አያት ካፊኖኖን በሀ ሁ ታነባለች፤ የልጅ ልጇ በላቲን ታነባለች። ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ አይገናኙም። ስለዚህ ከማዳበሪያው ጆንያ ላይ ከላቲኑ በታች ያንኑ ቃል በግዕዝ ፊደል ብንጽፈው ምን ይጎዳል? አያቲቱ ከታች ታነባለች፣ ልጅቱ ከላይ። ለአማርኛ ፊደልም መንገድ ይከፍትላታል። ሥርዓተ ትምህርቱ ይህን አያዝም፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ሰዎች ጠይቀን፣ ከፈቀዱ ለ3ኛ ክፍል ብናደርገው ይሻላል። ለ1ኛ ክፍል ግን አንድ ፊደል ይበቃል።

ከእኛ በፊት የሞከሩት አሉ። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር በ1990ዎቹ መጨረሻ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የቴሌቪዥን ዝግጅት ስትጀምር ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2010 ለወጣቶች የሚሰጠውን የሮሌክስ ሽልማት አገኘችበት። የካልሲው ዋጋ ስንት ነው? ዓይን አፋር ልጅ ለመምህር የማይመልሰውን ለአሻንጉሊት ይመልሳል፤ ይህን የሞከረች ሁሉ ታውቀዋለች። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም በአሜሪካ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነው ቆይተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ልጆቹ ወሰዱ። ሁለቱም በእጃቸው ባለው ነገር ነው የጀመሩት።

ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል የሚለውን መምህራኑ በትክክል ይጠይቃሉ። የተለመደው መልስ በቡድን ማስቀመጥ ነው፤ ዴስኩን አዙሮ አምስት ስድስት ልጅ ማቀማመጥ። ከዚያ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌላው ያያል፣ ጎበዙ ተነሥቶ ይመልሳል። ይህ ከሰልፍ ያለፈ ጥቅም የለውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በየቡድኑ ልጆቹ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ይኑራቸው። መምህሯ ጥያቄውን ሰጥታ፣ ተነጋግረው ሲጨርሱ «ቁጥር አራቶች!» ትበል። ማን እንደሚጠራ ስለማይታወቅ ጎበዙ ራሱ የደከመውን ያስጠናል። ሴቶቹ ልጆች በክፍሉ ፊት ከመናገራቸው በፊት በቡድናቸው አንድ ጊዜ ተናግረውታልና ድምፃቸው ይወጣል።

ለየልጁ ደግሞ የእጅ ሰሌዳ ያስፈልጋል። የመጽሐፍ ስፋት ያላት ጣውላ፣ ጥቁር የሰሌዳ ቀለም የተቀባች። ጥያቄ ይጠየቃል፣ ሁሉም ይጽፋል፣ ሁሉም ወደ ላይ ያነሣል። መምህሯ በአንድ እይታ ማን እንደገባው ታያለች፤ ስድሳ ደብተር ቤቷ ተሸክማ መሄድ አይጠበቅባትም። በእኛ አገር ሌላም ጥቅም አላት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የመምህር ድምፅ እንደማይሰማ ታውቃላችሁ፤ ካፋ ውስጥ ዝናብ የሚጠፋበት ወር ጥቂት ነው። ያኔ ክፍሉ ሥራ ይፈታል። ሰሌዳ ካላቸው ግን መምህሯ ትጽፋለች፣ እነሱ ጽፈው ያነሣሉ፤ ትምህርቱ ያለ ድምፅ ይቀጥላል።

ዝናቡ ራሱም ትምህርት ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ጣሳ ሜዳ ላይ ይቀመጥ፤ በየጠዋቱ ተረኛው ልጅ ማስመሪያ አስገብቶ ስንት ሚሊሜትር እንደሞላ ይለካ፣ ግድግዳው ላይ በጆንያው ሠንጠረዥ ይሙላ፣ ውሃውን ይድፋ። ጣሳው ሰፊም ይሁን ጠባብ ልኩ ያው ነው፤ ይህንን ልጆቹ ሁለት ጣሳ አስቀምጠው ራሳቸው ይድረሱበት። ቡናው ያበበበትን ቀን ከጎኑ ቢጽፉ ከዝናቡ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንዳበበ ይቆጥራሉ። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የካፋ ጥብቅ ደን ከትምህርት ቤቶቻችን አጥር ብዙም አይርቅም፤ ለአካባቢ ሳይንስ ከዚህ የበለጠ ቤተ ሙከራ ማን አለው?

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የምጠይቀው ቀለም፣ ብሩሽ፣ ጣውላ፣ ለየክፍሉ ቁልፍ ያለው አንድ ሳጥን ነው። ሳጥኑን አትናቁት፤ ትምህርት ቤቶቻችን አብዛኞቹ በፈረቃ ስለሚሠሩ የጠዋቱ መምህርት የሠራችው ከሰዓት በኋላ አይገኝም፤ አይጥም አለ። ለመምህራኑ ክረምት ላይ አንድ ቀን አብረውን ተቀምጠው የሚሠሩበት ምሳና መጓጓዣ ይታሰብ። ተረት ለሚነግሩት እናቶችም ይታሰብ። «ለልጆች ነው፣ በነጻ ይምጡ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የሴት ጊዜ ግን ሁልጊዜ በነጻ የሚቆጠርበትን ልማድ ይህ ማኅበር መቀጠል የለበትም። በገበያ ቀንም አትጥሩብን።

ልጆቹ ያነቡ እንደሆነ ደግሞ እንለካለን። ለደጋፊዎቻችን የምንልከው ሪፖርት «ይህን ያህል ዕቃ ተከፋፈለ» የሚል ብቻ እንዳይሆን። መስከረም ላይ ከየክፍሉ አሥር ልጅ እጣ አውጥተን አንድ አጭር ጽሑፍ እናስነብባቸው፤ ሰኔ ላይ እነዚያኑ ልጆች ሌላ፣ ያላዩትን፣ ክብደቱ ተመሳሳይ የሆነ ጽሑፍ እናስነብብ። ካልተሻሻሉ እሱኑ እንጻፍ።

ስም መዝጋቢዋ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ተረት የምታውቁ በአንድ በኩል፣ ቀለም መቀባትና ጣውላ መቁረጥ የምትችሉ በሌላው ተመዝገቡ። ቆርኪውን ከዛሬ ጀምሮ አጠራቅሙ፤ ስታመጡት ታጥቦ ይሁን።